መሬት የሌለው ሳጥን

ጠባሴ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ባንዲት የኪራይ ቤት፣
ጫጩት ማስፈልፈያ እንሠራለን፣ እኔና አጎናፍር፣ ይኸው ሦስት ዓመት።
ሳጥኑ ከላሜራ፣ አንጎሉ ከእኛ ብየዳ፤
ዶሮዋ የተወችውን ያቅፋል፣
በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ውርጭ ሜዳውን ሲያነጣው ማለዳ።

ጅቡቲ ያለ ነጋዴ መቶ ሳጥን አዘዘ።
«የምርመራ ወረቀት ከሌለው ግን» አለ፣ «ወደብ ላይ ተያዘ።»

አንዱን ላክነው።
በሰባተኛው ሳምንት መልሱ መጣ፤ ሁለት ገጽ፣
የማይቆጣ፣ የማይስቅ፣ እንደ ዳኛ ገጽ።

አንደኛ፦ በኃይለኛውና በደካማው መስመር መካከል ያለው ርቀት
ከተፈቀደው ያንሳል፤ ስምንት ሚሊ ሜትር ይሁን።
በማስመሪያ ለካሁት። የገብስ ፍሬ ቁመት።
በሞትና በዶሮ አርቢዋ ጣት መካከል
አገሮች የተስማሙበት፣ አንዲት ገብስ ታህል።

ሁለተኛ፦ መሬት የለውም።
አጎናፍር ሳቀ። «መሬትማ እኛስ የት አለን?
በሰው ጣሪያ ሥር ሦስት ዓመት ተጠልለን፣
ሳጥኑ ከጌቶቹ በምን ይበልጣል?»
እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ሳያልቅ ግን
ያ ቅዳሜ ትዝ አለኝ፤ እጄን ታጥቤ ክዳኑን ስነካ
እስከ ክርኔ የነዘረኝ።
ለማንም አልተናገርኩም ነበር ለካ።

ሦስተኛው ረዘመ። ሳጥኑ ይጮኻል፣ ይላል፤
ጆሮ በማይሰማው ድምፅ፣ ባልተሰጠው ሞገድ ላይ፣ የሰው ወሬ ያቋርጣል።
ሌላው ሲጮኽበት ደግሞ
ይደነግጣል፤ ሙቀቱን ይረሳል።
«አይረብሽ፣ አይረበሽ» ብዬ ተረጎምኩት ለአጎናፍር፤
ሃያ ሦስት መስመር ነበር፣ በሁለት ቃል አለቀ በእኛ ሰፈር።

ይሄኔ ጋሽ ወልደየስ ታወሱኝ፣
የጣርማ በርን ናዳ ሠላሳ ዓመት በግሬደር የገፉ ጡረተኛ።
አምና በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው፣
«ልጄ» ብለውኝ ነበር፣ «እናንተ ስትጀምሩ
ራዲዮኔ እንደ ጋለ ዘይት ይንጣጣል።»
«ያረጀው ራዲዮው ነው» አልናቸው።
አሁን በዶላር ገዝተን ያነበብነውን
ያኔ በነጻ ነግረውናል፤ አልሰማናቸው።

ማታ አጎናፍር ድምፁን ዝቅ አድርጎ መጣ።
«ምልክቱ በጥቅል ይሸጣል፤ ተለጣፊ ነው፣ ብርማ።
ሺው ካንድ ሳጥን ዋጋ አይበልጥም። ማን ሊያውቅ?»
ማን ሊያውቅ።
የማላውቃት ሴት ታየችኝ፣ በማላውቀው ሙቀት፣
በላብ እጇ እንቁላል ስታገላብጥ።
«ለጥፍ» አልኩት፣ «መጀመሪያ ግን
እጅህን አርጥበህ ክዳኑን ጨብጥ።»
አልጨበጠም።
ጥቅሉም አልመጣ።

ሰኞ ቆፈርን።
በጋው ያደረቀው አፈር ዶማ ያነጥራል።
ሁለት ሜትር የመዳብ ዘንግ፣ ከሰል፣ ጨው፣ ሦስት ጄሪካን ውሃ።
አከራያችን ወይዘሮ ጥሩአየሁ ነጠላቸውን እያጣፉ፣
«መሬቴን በማን ፈቃድ ነው?»
«ለእኛ አይደለም እትዬ፣ ለሳጥኑ ነው።»
ትንሽ ቆም አሉ፣ አዩን፣
«ለሳጥን?» አሉና ሄዱ። ኪራዩን ግን አልጨመሩም።

ሽቦውን አሳጠርን። በአንገቱ ጥቁር ቀለበት አሰርን፣ እንደ ማተብ።
መስመሮቹን እንደገና ሣልኩ፣ በመካከል ገብስ ገብስ እያልኩ።
መለኪያ መሣሪያ የለን፤ የሱ ዋጋ ቤት ይሠራል፤
ስለዚህ ይቅርታ ይዤ አጥሩን ዞርኩ።

ጋሽ ወልደየስ ራዲዮአቸውን አቅፈው መጡ።
ሳጥኑን ዞሩት፣ ቀስ ብለው፣ አንቴናውን እንደ ምርኩዝ አስቀድመው፣
«እዚህ ያጉረመርማል… እዚህ ደህና… ወደዚህ ደግሞ ያቃስታል።»
በኖራ ምልክት አደረግን፣ ፈታን፣ በየድን፣ ገጠምን።
አሥራ አንድ ማታ።

ሁለተኛው ወረቀት ገና አልመጣም፤ ይለፍ ይውደቅ አላውቅም።
ሐሙስ ግን፣ መብራት ሄዶ በተመለሰ ሰዓት፣
ሳጥኑ እየሠራ፣ አርባ እንቁላል ታቅፎ፣
ራዲዮው የጫጫን የገብስ ዋጋ ጀመረ፣ ጥርት ብሎ።
እኔና አጎናፍር ጮኽን፣ ተቃቀፍን፣
ጋሽ ወልደየስ እጃቸውን አነሡ፦

«እስቲ ዝም በሉ፣ ልስማበት!»

ሳጥኑማ ዝም ብሎ ነበር።
የምንረብሸው እኛ ነን።