አፍ መያዣ

እልፍነሽ መጣች፣ ማክሰኞ፣ ገና ብየዳውን ሳልለኩስ፣
ጋሪዋን ከደጄ ገትራ፣ ሻርፗን ካፍንጫዋ አውርዳ፦
«እጅ ሥራልኝ» አለችኝ።
«የእጅ ሥራ ማለትሽ ነው? ቅርጫት ነው? ስፌት ነው?» ብላት፣
«እጅ ነው ያልኩህ፣ እጅ!
የሰው አጥቻለሁ፣ የብረት ቀጥቅጥልኝ እንጂ።»

ነገሩ እንዲህ ነው።
ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከታችኞቹ ብሎኮች፣
ቆሻሻ የሚያነሱት ሁለት ነበሩ ሴቶች።
ደጊቱ የማዳበሪያውን አፍ ትይዛለች፣
እልፍነሽ ትገለብጣለች፤
ስድስት ዓመት፣ የአንድ ሰው ሁለት እጅ ይመስል፣
ሳይጋፉ፣ ሳይተላለፉ።
ዘንድሮ ደጊቱ ቂሊንጦ ፋብሪካ ገባች፤
ዛሬ የምትይዘው የሸሚዝ ኮሌታ ነው፣ በሰዓት ተቆጥሮ።
እልፍነሽ ብቻዋን፣
አንዱን ጠርዝ በጥርሷ፣ ሌላውን በጉልበቷ ወጥራ፣
ባልዲውን እየደፋች ከረመች።
«ጥርሴ» አለችኝ፣ «ለዳቦ ነበር የተሰጠኝ።»

አባቶች «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» አሉ፤
ማዳበሪያ ተሸክመው ደረጃ ለደረጃ መች ዋሉ?
እዚህ የተዘጋው አፍ ነው ዝንቡን የሚጠራው፤
ሲከፈት ነው ሰፈሩም የሚጠራው።

መጀመሪያ በስምንት ቁጥር ፌሮ ክብ አጠፍኩላት፣
ከጋሪው ጎን በየድኩላት።
ማዳበሪያው የምስር ውኃ ሲነካው ጊዜ፣
እንደ ተበዳሪ ቃል ከቀለበቱ ሹልክ ብሎ፣
የያዘውን ሁሉ ደረጃ ላይ ዘረገፈው።
የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም።

ሁለተኛ፣ አራት ሜንጦ፣ ጫፋቸውን ሞርጄ አሹዬ።
ያዘ። ግን አያያዙ የክፉ ዘመድ ሆነና
የያዘውን እየቦጨቀ፣
በሳምንት ሦስት ማዳበሪያ በላ።
ረዳቴ ቦንሳ ሳቀ፦ «ጋሼ፣ የሠራኸው ጅብ ነው።»

መብራት ጠፋ። ሁለት ቀን ሥራ ፈትቼ
በበሩ ቆርቆሮ ላይ በጠመኔ ስስል፣ ስሰርዝ፤
ክብ፣ ሞላላ፣ የፈረስ ኮቴ።
ሌሊት የትራሱን ጨርቅ አወለቅኩ፣
አፉን በሁለት እጄ ከፍቼ፣ ሚስቴን
«ጫማዬን ጣይበት» አልኳት።
«አበድክ?» አለች። ግን ጣለችበት።
ክብደቱ ሲወርድ እጄ ትንሽ ወረደ፣
ትንሽ ሰጠ፣ ከዚያ ያዘ።
የደጊቱም እጅ እንዲህ ነበር ለካ፣
ጥቂት ለቀቅ እያለ የሚይዝ።
እኔ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ ግትር ብረት ስቀጠቅጥ!

ሲነጋ ከቦንሳ ብስክሌት አሮጌውን ከመነዳሪ ወሰድኩ።
የፌሮውን ጀርባ ጠፍጣፋ፣ ፊቱን ሞላላ አድርጌ፣
ዙሪያውን በላስቲኩ ጠቀለልኩ፤
ከላይ ሌላ ቀለበት፣ ጠርዙን በድድ እንደሚነክስ ሕፃን፤
በብሎክ ሠላሳ አንድ ጠባብ በር ሲያልፍ
እንዲታጠፍ ደግሞ ማጠፊያ።

ቅዳሜ ደፋችበት፦
የሽንኩርት ልጣጭ፣ የተቀደደ የሒሳብ ደብተር፣
ዳይፐር፣ ለማንም ያልተሰጠ የሠርግ መጥሪያ፣
አንድ እግር ሸበጥ።
ቀለበቱ ጎንበስ አለ፤ ያዘ።
እልፍነሽ ግራ እጇን አየችው።
የት እንደምታኖረው ጠፋት፤
ወገቧ ላይ አደረገችው፣ አወረደችው፣
በኋላ ኪሷ ከተተችው፣ የሰው ዕቃ ይመስል።

ስም አወጣችለት፦ ደጊቱ።
እስከ አራተኛ ፎቅ ይሰማል፣ «ደጊቱ፣ ያዢ እንጂ!»
ግን ይቺኛዋ ወሬ አታውቅም።
ያቺኛዋ እየያዘች ታወራ ነበር፦
ማን ቤት ለቀቀ፣ ማን ዕቁብ በልቶ ጠፋ፣
የማን ልጅ ማትሪክ ወደቀ።

በሰኔ ዝናብ ማጠፊያው ዝጎ
ሲጥ ሲጥ ይል ጀመር።
ግራሶ ይዤ ወረድኩ።
እልፍነሽ እጄን ለቀም አደረገችው፣
በዚያች፣ ኪሷ ውስጥ ባከረመቻት እጇ፦
«ተው፣ አትቀባት» አለችኝ፣
«ገና አሁን አፏን ብትፈታ።»