የኡርሆ ካልሲ

ጥር ነው በካያኒ፤ ጣራው ጭነት አዝሏል፣
የአሸንዳው ጉሮሮ በበረዶ ታንቋል፣
ከከንፈሩ ክንድ የሚያህል ጥርስ በቅሏል።

ኡርሆ በሕይወት ሳለ
መሰላል ባየ ቁጥር ወገቡን ያመው ነበር፤
ሠላሳ ዓመት «ነገ» አለ፣ አንድ ቀን ሳይሞክር።

ራይሊ ዛሬ መሳቢያውን ከፈተች፣
ተረከዙን የጣፈችለትን የግራ ካልሲውን
በጨው ጠቅጥቃ ሞላች፣ አፉን በሲባጎ ቋጠረች፣
ወጥታ፣ በረዶው ላይ፣ በአሸንዳው አግድም አስተኛችው።
«በል ሥራ» አለችው።

ሌሊት፣ ጠብ።
ቆይቶ ደግሞ፣ ጠብ፣ ጠብ።
ነቅታ በጨለማ ፈገግ አለች።

ሲነጋ ካልሲው ከስቶ ተንጠልጥሏል፤
ውኃው በቀደደው ቦይ ይንቆረቆራል።
«አየህ፣ ይኸው ነበር» አለችው አንጋጣ፤
የቀኙን ልትሞላ ገባች።
ገና ጓሮ አለ።