የኋላ እግር

የገና ማግሥት ነው። ከበሬሳ ሽቅብ ውርጩ እየገሠገሠ
የቀበሌያችን አዳራሽ በር ላይ ከእኛ ቀድሞ ደረሰ።
መግቢያ ለአዋቂ አሥር ብር፣ ለልጅ አንድ ፍልጥ እንጨት፣
አዳራሹ እንዲሞቅ፤ ባይሞቅም እንዲመስል ቤት።

እኔ የአህያዋ የኋላ እግር ነኝ።
መምህርት ዘርፌሽዋል ድርሰቱን ስታድል አንድም ቃል አልሰጠችኝ፤
«ጎንበስ በል፣ ጭራውን ጎትት፣ ዝም በል» ብቻ አለችኝ።

ቆዳችን ብርድ ልብስ ነው፣ ከፋብሪካው በር ላይ በርካሽ የገዛነው፤
ዓይኗ የለስላሳ ቆርኪ፣ ጆሮዋ ካርቶን ነው፤
የወገቧ ስፌት ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የችኮላ ነው።

የፊት እግሯ ደግሞ ወሰንየለህ። ስሙ ራሱ ይመስክር!
ሦስት ዓመቱ ነው አጥሩን በአንድ ክንድ ወደ ግቢዬ ከገፋ፣
ሦስት ዓመቱ ነው ሰላምታ ከመሀላችን ከጠፋ፤
በሽማግሌ፣ በቀበሌ፣ በካርታ፣
አንዴም በፍርድ ቤት፣ ሌላው ጊዜ በዝምታ።
መምህርት ግን ቁመት ለክታ፣ «እኩል እናንተ ናችሁ» አለች፤
ሁለት ባላጋራ አንድ ቆዳ ውስጥ ከተተች።
(ታውቅ ነበር ይሆን? ሜትሩን ስትጠቀልል ፈገግ ብላለች።)

መጋረጃው ተከፈተ። ሁለት አንሶላ ነው፣ አንዱ አበባ ያለው።
የአውቶቡስ ሾፌሩ እንግዳሸት፣ ከነሪዙ ቀሚስ ለብሶ፣
እማማ ድንቡሼ ሆኖ ወጣ፣ ሻሹን እስከ ቅንድቡ መልሶ።
ዳሌውን ሲያማታ አዳራሹ ፈረሰ በሳቅ፤
ሚስቱ ብቻ አልሳቀችም፣ ቀሚሱ የሷ ነው፣ ፈርታ እንዳይሰነጠቅ።

ጅቡ ልሳነወርቅ፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ በእንብርክክ ብቅ ሲል፣
«ከኋላሽ! ከኋላሽ ነው!» ይላል ልጅ ሁሉ፣ ጉሮሮው እስኪቆስል።
እማማ ዞር ስትል የለም። ብቅ ሲል ደግሞ ይጮኻሉ፤
የሚበላው እኔን ነው! እነሱ ለእማማ ይነግራሉ።

ያኔ መብራት ጠፋ።
ድርሰቱ ላይ የለም። ጠፋ በቃ፣ እንደ ልማዱ።
ልጆቹ ግን አልፈሩም፣ በጨለማ «ከኋላሽ!» ማለት ወደዱ።
ብርድ ልብሱ ውስጥ የሁለት ሰው ትንፋሽ፣ ላብ፣ የሱፍ ብናኝ።
ሦስት ዓመት የዘጋኝ ድምፅ ከፊቴ መጣ በሹክሹክታ፤
«በግራ እንጀምር... ግራ... ቀኝ... ጠርዙ ቅርብ ነው፣ ቀስ በል ላንዳፍታ።
ቀበቶዬን ያዝ።»
ያዝኩት።

ከዚያ ስልክ በራ፤ አንድ፣ ከዚያ ሃያ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ፤
ጅቡም «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ብሎ፣ ድርሰቱ እንደሚል ቃል በቃሉ፣
ጭራዬን ይዞ ጎተተ። እኔ ወደ ኋላ፣ ወሰንየለህ ወደ ፊት፤
ጠርር! አለ የችኮላው ስፌት።

ሁለት ጎልማሳ በካልሲ፣ በስልክ ብርሃን መሀል፣
እኔ ቀበቶውን እንደያዝኩ።
ጸጥ።
ከፊት ረድፍ አንዲት ልጅ፣ በፍልጥ እንጨት የገባች፣
ብድግ ብላ፣
«አህያዋ ወለደች!» አለች።

ከዚያ ወዲያ ድርሰት የለም። ጅቡ ራሱ መሬት ተንከባሎ ሳቀ፤
መምህርት ከአንሶላው ጀርባ ፊቷን በወረቀቷ ሸፈነች፤
እኛም ማን እናት ማን ውርንጭላ እንደሆነ ሳንለይ
እጅ ነሣን።

ማታ በአንድ መንገድ ተመለስን፣ ሌላ መንገድ ስለሌለ።
ስለ አጥሩ እሱም አላነሳ፣ ከኔም አፍ የወጣ የለ።
ውርጭ የያዘው ሳር ከጫማችን ሥር ይሰበራል፣ ቀጭ፣ ቀጭ።
በሩ ጋ ቆመ። «ነገ የጠባሴ ልጆች ይመጣሉ» አለኝ፤
«ፊቱን አንተ ያዝ፣ እኔን ወገቤን አመመኝ።»

ሦስት ወር የጎበጥኩ እኔ፣ ወገቡን የታመመ እሱ!
«እሺ» አልኩት። ገባ።

አጥሩ እዚያው ነው፣ ክንዱም እዚያው።
በጨለማ ታክኬው ሳልፍ ግን፣ ለካ ሳላስበው፣
በግራ ጀምሬአለሁ።