ያገለገለ

ጎህ ሳይቀድ ያልፋሉ፣ በጋራዣችን በር፣
ተሳቢ አዝሏቸው፣ ከጅቡቲ ባሕር፣
ነጭ ላስቲክ ለብሰው፣ ጎማቸው አፈር ሳይነካ፣
(አዲስ የሚባለው፣ ታዝሎ ነው ለካ!)
እኔ ቆሜ አያለሁ፤
ሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ ስቱኮ ስለጥፍ፣
በብርጭቆ ወረቀት፣ የሰው ዝገት ስቀርፍ።

ደቻሳን ታውቁታላችሁ፣ የመቂ ሽንኩርት ደላላ፣
ዋጋው ሰማይ የነካ ጊዜ፣ አብሮ የነካ ከኋላ።
በዲኤክስ ነበር የሚዞረው፣ ዕድሜዋ ዕድሜውን በሚያህል፣
እጁን በመስኮት አውጥቶ ካልከፈተ፣ በሯ ከውስጥ እሺ በማይል።
"ምከረኝ" አለኝ፣ ላቡን ጠራርጎ፣
አንገቱን በጋራዡ በር አስግጎ፣
"ልጄን ልድር ነው፤ አማቾቼ ባለ ፎቅ፣
በዚች ብደርስባቸው፣ ዘበኛው ነው የሚስቅ።
ላንድክሩዘር አምሮኛል፤
ዜሮ ዜሮ ልግዛ፣ ወይስ ያገለገለ ይሻለኛል?"

"ያገለገለውን" አልኩ፣ "ቦዲውን እኔ አይልሃለሁ፣
የተጋጨ እንደሆን፣ በጥፍሬ አንኳኩቼ አውቃለሁ።
የዜሮው ትርፍ ዋጋ፣ የአስር ሄክታር ሽንኩርት ነው፣
ከሻጩ ግቢ ስትወጣ፣ በሩ ላይ የምትጥለው።"
ደቻሳ ሳቀ። ጥርሱ መሐል ስንጥር ነበር።
"ያገለገለማ እኔው አለሁ" አለ፣ "ጆንያ ተሸክሜ ሳድር።"

ገዛው። ነጭ ነው፣ እንደ ወተት።
የወንበሩን ላስቲክ ግን አላነሳለት፤
"ካነሳሁትማ አሮጌ ሆነ" ይላል፣
በአዳማ ፀሐይ፣ ጀርባው ከላስቲኩ ተጣብቆ ያልባል፤
ሲወርድ እንደ ፕላስተር፣ ሸሚዙ ጭርር ብሎ ይላቀቃል።
አቧራ ሲነሳ፣ መኪናውን ብርድ ልብስ ያለብሰዋል፣
እሱ ራሱ ግን ገበያ በባጃጅ ይሄዳል።

ትናንት "አንተ" ያለው፣ ዛሬ "እርስዎ" አለው፤
መስታወቱ ጥቁር ነው፤ ውስጥ ያለውን ማን አየው?
አንድ ቀን አጣቢው ልጅ፣ ሙአዝ፣ ወደ ውስጥ ገብቶ፣
እሱም "እርስዎ" ተባለ፣
በአስራ ሰባት ዓመቱ፣ ከሳሙና ባልዲ ተነስቶ።

የሰርጉ ቀን ሌንሴ፣ ሙሽራዋ፣ ከኋላ ተቀመጠች፤
ወዲያ ስትል ጭርር፣ ወዲህ ስትል ጭርር፣
ቬሎዋን ከላስቲኩ እያላቀቀች።
ቢቸግራት፣ የፀጉር መርፌዋን መዝዛ፣
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ገፈፈችው ይዛ።
ደቻሳ፣ ከፊት ወንበር፣ ዝም አለ፣
ዓይኑ ግን እንባ አዘለ፤
ስለ ልጁ ነው ስለ ላስቲኩ፣ ማንም ደፍሮ ያልጠየቀው።

ሰኞ መጣ፣ ቁራጩን በፌስታል አንጠልጥሎ፣
"ይሰፋል?" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አዘንብሎ።
"አይሰፋም" አልኩት። ዝም ተባባልን።
የራቁቱን ወንበር ቆዳ፣ በየተራ ዳሰስን።
"ይቀዘቅዛል ለካ" አለ።
"አዎ" አልኩ፣ "ቆዳ ነው።"
"ወር ሙሉ በላብ የጠበሰኝ፣ ታዲያ ምን አባቱ ነው?"

ዲኤክሷን ጥሏት ሄደ፣ "ሽጥልኝ ለተገኘው" ብሎ።
ጥግ ላይ ቀለሟን ፋቅኩ፤
ከነጩ በታች አረንጓዴ፣ ከሥሩ ደግሞ ሰማያዊ ነው፣
ሦስቱም የእኔ እጅ ነው፤ ሦስት ጌታ ነው ያስቀባው።
"ያገለገለ"፤ ቃሉን ከአቧራው ጋር አላመጥኩት፤
ለሰው ሲሆን ማዕረግ፣ ለብረት ሲሆን ቅናሽ፣
ሠላሳ አንድ ዓመቴን የቱ ጋ እንደምጽፍ አጣሁት።
ያለኝን ቆጠርኩ። እኔው ገዛኋት።

ማታ ወደ ቤቴ፣ ከኮረብታው ሥር፣ ቀስ ብዬ ነዳኋት፣
እጄን በመስኮት አውጥቼ፣ በሯን ከውጭ ከፈትኩላት፤
ጎረቤቴ ጀሪካኑን አስቀምጦ፣ ዞር ዞር ብሎ አያት፤
"አንተ!" አለኝ፣
"አንተ፣ ይቺን ደግሞ ከየት አመጣሃት?"