አጥንት ቆጠራ

ፍንዳታው ካለፈ፣ አቧራው ከሰከነ፣
ዘበኛው ሮብሌ፣ ከሲሚንቶው ካባ፣
በሽርጡ ጠቅልሎ አንድ ድንጋይ ይዞ
ከቢሮዬ ገባ።
"ጥርስ አለው" አለኝ። "እኔ አልነካሁትም።"
ጥርስ ነበረው።

ሦስት ወር ጫርኩት በጥርስ ሐኪም መርፌ፣
መብራት ሲኖር በማራገቢያው፣ ሲጠፋ በላቤ።
ደቻቱ ከመስኮቴ ሥር ደረቅ አሸዋውን ዘርግቶ ይተኛል፤
ወንዝ መሆኑ ትዝ የሚለው በሌሊት ነው፣ ያውም ሳይታሰብ።
ይህ ሁሉ ተራራ ባሕር ነበር ብል
ማን ያምነኛል?

አባቴ የምድር ባቡር ሰው ነበር፤ ለገሃር ጋራዥ ውስጥ
ፉርጎ ከፉርጎ ሲያቆላልፍ ሸበተ።
አከርካሪውን ስቆጥር በእሱ አፍ ቆጠርኩ፦
አንድ ፉርጎ፣ ሁለት ፉርጎ፣ ሦስተኛው ተሰብሯል፣ አራት…
የዛሬ አዞ አከርካሪ ከፊቱ ጎድጓዳ፣ ከኋላው ኳስ ነው፤
ያንዱ ኳስ በሌላው ጎድጓዳ ገብቶ ይቆለፋል።
ይኼኛው ከፊትም ከኋላም ጎድጓዳ፣
ቂጥ ለቂጥ እንደተጣበቁ ሁለት የሻይ ብርጭቆዎች።
መንጠቆ የለው፣ ኳስ የለው፤
ባቡሩን ያቆላለፈው ውኃ ነበር።

ጅራቱ ጫፍ ሲደርስ ሐዲዱ ወደ ታች ይታጠፋል።
ፈንጂው የሰበረው መስሎኝ ሁለት ቀን አዝኜ ነበር።
ኋላ ሳየው ግን ስብራት የለውም፤
ሰው አላጣመመው፣ ተጣሞ ተፈጥሮ፣
የሥጋ መቅዘፊያ ጅራቱ ላይ ሊያቆም
እንዲያ ተቀምሮ።
ጀርባውን ዳሰስኩት፤ የአዞ ቅርፊት የለም፣
የየብስ ጋሻውን ከዳር ጥሎ ገባ፤
የክንዱ አጥንት አጥሮ፣ ጠፍጥፎ፣
የድሮ ሳንቲም ያህላል።

ሮብሌ ሐሙስ ሐሙስ ብቅ ይላል።
"የማን ልጅ ነው?"
እሱ ሲቆጥር ትንፋሽ አይወስድም፦
ሮብሌ ዋቤሪ፣ ዋቤሪ ጌዲ፣ ጌዲ ዲራር፣ ዲራር ቡህ፣
እስከ አሥራ አራት ቤት፣ ሰባት ዓመት ሳይሞላው የሸመደደው።
"ልጅ የለውም" አልኩት፣ "ዘሩ ተቋርጧል።"
"የአዋሹ አዞስ?"
"ልጁ አይደለም። የአጎት ልጅ ነው፣ እሱም በሩቁ።
አባታቸው አንድ ነው፤ የአባትየው ስም ግን አልተገኘም።"
ሮብሌ ደነገጠ።
"ስሙ የጠፋ አባት በምን ይቆጠራል?"
"በአጥንት" አልኩት።
እኛስ ቤት ዘር ሲጠየቅ
አጥንት ቆጠራ አይደል የሚባለው?

ከዚያ ነገሩን አባስኩት፦
"ግድግዳው ላይ ያለችው እንሽላሊት መልኳ ይመስለዋል፣
ዝምድናዋ ግን ሩቅ ነው።
ቆርቆሮው ላይ የሚጮኸው ቁራ ይቀርበዋል።"
"ቁራ?"
"ቁራ።"
እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

እንባ ከተነሣ፦ ከዓይኑ ጉድጓድ ፊት
እንደ ወይን ዘለላ የተቋጠረ ድንጋይ አለ፤
የጨው ዕጢው ነው። ሥጋው ሲበሰብስ
ጭቃ ገብቶ ቅርጹን ያዘለት።
የጠጣውን ባሕር ጨውን በዚያ ያፈስ ነበር።
የአዞ እንባ እያልን ስንት ዘመን ሰደብን፤
አንዱ አዞ ይኸው፣ የምሩን ሲያለቅስ
ድንጋይ ሆኖ አገኘን።
የሮብሌም ሸሚዝ፣ ከቀትር በኋላ፣
ጀርባው ላይ ነጭ የጨው ካርታ አለው።

ያለኝ ግራ ጎኑ ብቻ ነው።
ቀኙ ተፈጭቶ፣ ተቃጥሎ፣ በከረጢት ታስሮ
ምናልባት ሳቢያን አንድ ፎቅ ተሸክሟል፤
ምናልባት የእኔን የወጥ ቤት ግድግዳ።

ካርዱን ሞላሁ። ቦታ፦ ድሬዳዋ። ቀን። ወገን፦
እዚህ ላይ እርሳሴን አነሣሁ፣ ባዶ ተውኩት።
አግኚ በሚለው መስመር
"ሮብሌ ዋቤሪ" ብዬ ላቆም ስል
"ጨርሺው እንጂ" አለኝ።
መስመሩ ለአሥራ አራት አባት አልበቃም፤
ካርዱን ገልብጬ ቀጠልኩ።