ውሉ የጠፋ ልቃቂት

ሄርጽሊያ ነው ቢሮው፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣
ግድግዳው መስታወት፣ ባሕሩን የሚያሳይ።
ኒምሮድ ነው ስሙ፤ ካልሲ አያደርግም፣
እጄን ከጨበጠ ቶሎም አይለቅም።
«ሦስት ወር ይበቃል፤ ለኛ ቁርስ ነው» አለኝ፣
ከስድሳው ሺህ ሼቄል ግማሹን ተቀበለኝ።

ደብተሬን ዘርግቼ ሥራዬን ነገርሁት፦
ቂርያት ጋት ያሉ ሽማግሎች፣ ዕብራይስጥ ያልገባቸው፣
ሐኪም ፊት ሲቀርቡ አስተርጓሚ የምልክላቸው።
አሥራ አራት ሴቶች፣ አንዲት የምታስነጥስ መኪና፤
ማን ለማን፣ የት ክሊኒክ፣ በስንት ሰዓት፣
ይህን ሁሉ ስልክ ውስጥ ክተትልኝ አልሁት።
ጻፈ። ወይም የሚጽፍ መሰለኝ።
ውል ፈረምሁ፣ አሥራ ሰባት ገጽ፤
የመጨረሻዎቹን አላነበብሁም፣
ብዕሩ ያምር ነበር።

የዳሱ በዓል መጣ፣ ዳሱ ፈረሰ፤
ፋሲካ ደረሰ፣ ቂጣው ተቆረሰ።
«ሰኞ» ይሉኛል፤ ሰኞ አልቀረም መጣ፣
ሰበብ አዝሎ እንጂ ሥራ ይዞ አልመጣ።

በስተመጨረሻ ተከፈተ።
አያ ተገኘን ላስገባው፣ ስሙን በፊደል ብጽፈው፣
ሦስት ሳጥን ሆነ፣ ባዶ፣ በር የሌለው።
በላቲን ጻፍሁት፤ «የልደት ቀን?» አለኝ።
መታወቂያው ላይ ዜሮ ቀን፣ ዜሮ ወር ነው፤
እናቱ «አጨዳ ሰሞን» ብላው ነበር፣
የአየር ማረፊያው ጸሐፊ አጨዳ የሚገባበት መስመር አጣ።
«ስሕተት» አለ ቀዩ ጽሑፍ፣ «እንዲህ ያለ ቀን የለም።»
ሰውየው ተገኘ ነው፤ ማሽኑ ግን አጣው።
ከሁለት መቶ ስድስቱ
መቶ ሰባው እንዲህ ሳይወለዱ ቀሩ።

ማክሰኞ ዕለት ለአንድ ሰው ሁለት አስተርጓሚ አሽቀሎን ላከ፣
ለእማማ እናንዬ ማንንም።
ብቻዋን ዓይን ሐኪሙ ፊት ተቀምጣ
ለጠየቃት ሁሉ ራሷን ነቀነቀች፤
ደኅናውን ዓይኗን አሽገው ሰደዷት።

ደወልሁ። «እኛ አይደለንም የሠራነው» አለ ኒምሮድ፣
«ለሌላ ድርጅት ነው የሰጠነው።»
ሌላው ለሌላ፣ ያም ባሕር ማዶ ላለ ለሌላ፤
ብተረትረው፣ ብተረትረው፣
አሥራ ሰባቱ ገጽ እጄ ላይ አለ፣
ውሉ ግን የለም።

የእህቴ ልጅ ኤልያሺቭ ሆዱን ከፍቶ አየው፤
በኮዱ መሐል አንድ ሰው፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ማስታወሻ ትቷል፦
«ልደት ዜሮ እንደማይሆን ገምቻለሁ።
የምጠይቀው ሰው አላገኘሁም።
የሁለት ወር ደመወዜም አልደረሰኝም።
ይህን የምታነብ ሆይ፣ ማን እንደሆንህ ባላውቅም፣ ይቅርታ።»

ያዘጋጀሁት ስድብ አፌ ውስጥ ቀረ።
ስሙን አላወቅሁት፣ አገሩንም።
ለሱ ያልደረሰው፣ ከኔ የሄደው ገንዘብ
ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ባሕር ያያል።

ባንኩ ግን ቀን አይሳሳትም፤
በየወሩ፣ በአሥረኛው፣ አራት ዓመት ሙሉ።

አያ ተገኘ ትናንት መጣ፣ በምርኩዙ።
«ማሽኑ ምን አለ?» አለኝ።
«ገና አልተወለድህም ብሏል።»
ሳቀ፣ እስኪያስለው ድረስ።
«ታዲያ ይህን ጉልበት ምን አሳመመው?»

ደብተሬን አወጣሁ፣ ባለ ካሬውን።
ማክሰኞ፣ ሁለት ተኩል፣ በኛ ሰዓት። ጉልበት።
በእርሳስ ጻፍሁት።