ሦስት እግር

አባቴ ዱካ ይፈለፍላል፣ ከሂርማታ ገበያ ጀርባ፣
ከአንድ ግንድ፣ ከአንድ ዋንዛ፣ ምስማር የሚባል ሳያስገባ።
"አራተኛው እግር የታለ?" ብሎ ገዥ ሲጠይቅ፣
"አራት እግር ወለል ይመርጣል፣ ሦስት የትም ይቆማል" ይላል ሳይስቅ።

እኔ ከፍቅፋቂው መሀል፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዤ፣
ሁለት ሳምንት ቅጽ ሞላሁ፣ አንድ ጥያቄ ላይ ደንዝዤ፦
"ማን ነሽ? በስድስት መቶ ቃል።"
ረውዳ ነኝ፣ የሸሪፍ አባ ዝናብ ልጅ።
ይኸው። ስድስት ቃል።
የቀረውን አምስት መቶ ዘጠና አራት ከየት አምጥቼ ልሙላው?

ኮሌጁ ከባሕር ማዶ ነው፤ ከመቶ አራት ብቻ ይመርጣል፤
የፊዚክሱ መምህር ወጋየሁ "ሞክሪ፣ ምን ይጎድልብሻል?" ይሉኛል።
ምን እንደሚጎድል እኔም አላወቅኩም ነበር፣
ማመልከቻው ብቻ ስድስት ዱካ መሆኑን እስካሰላው በብር።

ክፍያውን የሚያስቀር ወረቀት አለ፤ ቀበሌ ይጽፈዋል፤
"ቤተሰቧ ድሃ ነው" የሚል፤ ማኅተም ያርፍበታል።
ለአባቴ ነገርኩት፣ በለሆሳስ፣ መሮውን እየሳለ።
እጁ ቆመ።
"ድሃ ነን እንዴ?" አለ።

በየዓመቱ ዘካ የሚያወጣ፣ ለጎረቤት ቆርቆሮ የገዛ፣
ሰውን ከደጁ ባዶ እጁን ሸኝቶ የማያውቅ፤
ምን ልበለው?
ደግነቱ ዝናቡ ጀመረ፤ የተሰጣውን እንጨት ለማስገባት ሮጥን።

ነዚፍ አምና አመልክቶ ነበር። "እናዝናለን" ብለው ጻፉለት።
አሁን ከፈረንጅ አራዳ አጂፕ ባጃጅ ይነዳል፤
ደብዳቤውን አትሞ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር አጥፎታል።
"ስሜን እኮ ያለ ስሕተት ነው የጻፉት፤
የባጃጅ ማኅበራችን እስከ ዛሬ 'ነሲብ' ነው የሚለኝ!"
ሳቀ።
ከዚያ እስከ አጂፕ ድረስ ምንም አላለም።

ሌሊት፣ ቆርቆሮው ሲንኳኳ፣ እውነቱን ለራሴ አወጣሁት፤
"አይሆንም" መባሉን አይደለም የፈራሁት።
"ነይ" ቢሉኝስ?
የአባቴን የዱቤ ደብተር ማን ይጽፍለታል?
የእናቴን የስኳር መርፌ ማለዳ ማን ይወጋላታል?
እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ቢደርሰኝ፣ በባጃጅ አሥር ደቂቃ፤
ምሳዬ ሳይቀዘቅዝ እገባለሁ። ይህም ሕይወት ነው፣ በቃ።
እላለሁ።
እላለሁና፣ ስልኩን ከትራሱ ሥር እንደገና አበራዋለሁ።

ሐሙስ ማታ፣ የመጨረሻው ቀን፣ መብራት ጠፋ።
አባቴ ገባ። ጫማው ጭቃ ለብሷል።
መሮውን የሚጠቀልልበትን ጨርቅ ፈታ፤
ከውስጡ መሮ ሳይሆን ወረቀት ወጣ፤
ሰማያዊ ማኅተም፣ ገና ያልደረቀ የሚመስል።
ቀኑን ሙሉ ቀበሌ ተሰልፎ ውሏል።
አንብቦት እንደሆነ አልጠየቅኩም።
በገዛ እጁ የሠራው ዱካ ላይ ተቀመጠ።

"ስንት ሰው ነው የሚወስዱት?"
"ከመቶ አራት።"
"ደጎች ናቸው። እኔ ጫካ ስገባ ከመቶ ዋንዛ ሁለት ነው የምመርጠው።"
"የቀሩትስ? ምን ይሆናሉ?"
ጥያቄው ገረመው። ቅንድቡ ላይ ፍቅፋቂ ተጣብቋል።
"ምን ይሆናሉ?
ዋንዛ ናቸዋ።
እዚያው ቆመዋል።"

ባትሪው አሥራ አንድ ከመቶ ይላል።
ስድስቱን ቃል ጻፍኳቸው።
ሰባተኛው ላይ ነኝ።